«አንተ መርፌህን ውጋ»

ጎንደሬዎች ሆይ፣ ባለፈው ክረምት በቀበሌው አዳራሽ በአንድ ሰው ላይ ስቀን ያጨበጨብነውን ጭብጨባ ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ሰውየው የጤና ጣቢያ ባለሙያ ነው። ከአንድ ሰፈር የሚመጡ ተቅማጥ የያዛቸው ሕጻናት በዙበት። አድራሻቸውን ይዞ ቤት ለቤት ዞረ። ለካ የሰፈሩ የውሃ ቱቦ በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ውሃችን በፈረቃ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሲቋረጥ ቱቦው ባዶውን ይቀርና በስንጥቁ በኩል የቦዩን ቆሻሻ ይስባል። ውሃው ሲመለስ ያንኑ ጠርጎ ጀሪካናችን ውስጥ ይጨምረዋል።

ይህን በአንዲት ወረቀት ላይ ስሎ ውሃ ቢሮ ሄደ። እነሱ ስንጥቁን ያውቃሉ፤ የታመመውን ልጅ አያውቁም። ጤና ጣቢያው ልጁን ያውቃል፤ ቱቦውን አያውቅም። ሁለቱን ያገናኘው እሱ ብቻ ነበር። ምን አሉት? «በደብዳቤ ይምጣ።» የገዛ አለቃውም «መዋቅር ጥሰሃል» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈበት።

ከቢሮስ ይህንን እጠብቃለሁ። ያንገበገበኝ የእኛ ነው። ስብሰባው ላይ ተነስቶ ወረቀቱን ሊያሳየን ሲል አንዱ «አንተ መርፌህን ውጋ፣ ቧንቧ ምን አገባህ?» አለው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቀጥሎ ጭብጨባ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተቀመጠ። ከሳቁት መሃል ልጃቸው ግሉኮስ ተደርጎለት የሰነበተ አባት ነበሩ!

ይህ የሆነው በየትኛው ከተማ ነው? በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አብረው ተምረው፣ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ በወጡበት በጎንደር! ያኔ የበሽተኛውን ምንጭና ሽንት ቤት ማየት ሥራ ነበር። ዛሬ ጥልቅ ማለት ሆኗል። መንገድ ሠሪው ቱቦ ሲበጥስ እናማርራለን፤ ቀድሞ ሊያስጠነቅቅ የሄደውን ግን አበል ፈላጊ እንለዋለን።

ቱቦው እስካሁን አልተቀየረም። ሰውየውም ዝውውር ጠይቋል አሉ። ሳይሄድ እድራችን ይጥራው፤ ያችን ወረቀት ዘርግቶ ያስረዳን። ከዚያ ተሰብስበን አብረነው ወደ ውሃ ቢሮ እንሂድ። አሁንም «በደብዳቤ» ይሉን ይሆናል። ይበሉን፤ እድሩም ማኅተም አለው። ብዙ ተስፋ የለኝም፣ ግን እሄዳለሁ። እስከዚያው ውሃ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ድፉት፣ የሚጠጣውን አፍሉት።