ሦስት አገር በሦስት ቀን? ይልቅ ፏፏቴውን ሁለቴ እዩት

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም የጉዞ ፕሮግራም ላከችልኝ። የምትኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰኔ ላይ ቤተሰብ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ትመጣለች፤ እግረ መንገዷን በዚምባብዌና በዛምቢያ ድንበር ላይ ያለውን ቪክቶሪያ ፏፏቴን ማየት አምሯታል። ያላት ሦስት ቀን ነው። አስጎብኚው ያዘጋጀላት ወረቀት «ሦስት አገር በሦስት ቀን» ይላል። የመጀመሪያው ቀን ዚምባብዌ፣ ሁለተኛው ቦትስዋና፣ ሦስተኛው ዛምቢያ፤ ከዚያ ማታውኑ በረራ። «እንዴት ነው? ጥሩ ነው አይደል?» አለችኝ።

ጥሩ አይደለም አልኳት። ትንሽ ቅር ሳይላት አልቀረም። ምክንያቴን እዚህ ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው እንደ እሷ ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። ጊዜ ሲያጥር ሁለት ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከማየት፣ አንዱን ቦታ ሁለቴ ማየት ይሻላል። የምለው ይህንኑ ነው።

«ተመልሼ ላልሄድ እችላለሁ፤ ከሄድኩ አይቀር ሁሉንም ልየው» የሚለው ሐሳብ ይገባኛል። ለእኛ ሰው ለመዝናናት ብሎ ከአገር መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ቪዛው አለ፣ ዶላሩ አለ፣ የዓመት ፈቃዱ አለ። ለአንዲት አጭር ጉዞ ሁለት ሦስት ዓመት የቆጠበ ሰው አውቃለሁ። እንዲህ ተለፍቶበት የተገኘ ሦስት ቀን በሚኒባስ ውስጥ ሲያልቅ ነው የሚያንገበግበኝ። መመለስ ከባድ ስለሆነ አይደል እንዴ ቦታውን በደንብ ማየት የሚገባን?

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ልክ በእንደዚህ ዓይነት ፕሮግራም ነው። ያኔ የወደድኩት ነገር ቢኖር ስሙን ነው። የአካባቢው ሰዎች ፏፏቴውን «ሞሲ-ኦአ-ቱንያ» ይሉታል፤ «የሚያጓራ ጢስ» እንደማለት። ስኮትላንዳዊው አሳሽ ዴቪድ ሊቪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1855 አይቶ በእንግሊዟ ንግሥት ስም ቪክቶሪያ ከማለቱ በፊት ስሙ ይኸው ነበር። እኛስ ምን አልን? ጢስ ዓባይ። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሰዎች ውሃ ከገደል ሲወድቅ አይተው ሁለቱም ጢስ አሉት። ይህን ስሰማ ቦታው የዘመድ አገር መሰለኝ።

ያሳሳተኝም ይሄው ዝምድና ነው። ጢስ ዓባይ የሚያምረው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ያየሁት ያኔ ስለነበር ፏፏቴ ሁሉ የመስከረም መሰለኝና ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ሄድኩ። የዛምቤዚ ወንዝ ግን የራሱ ወቅት አለው። በላይኛው ዛምቢያና በአንጎላ ዝናቡ የሚዘንበው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ውሃው ባሮትሴ የሚባለውን ሰፊ ረግረጋማ ሜዳ ቀስ ብሎ አልፎ ነው ፏፏቴው ጋ የሚደርሰው። ስለዚህ ወንዙ ጢም ብሎ የሚሞላው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ሚያዝያ አካባቢ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ውሃው እጅግ ይቀንሳል።

እኛን የወሰዱን በዛምቢያ በኩል ነበር፤ በበጋ ቀድሞ የሚደርቀው ያኛው ወገን ነው። የፏፏቴው ስፋት 1,708 ሜትር፣ ከፍታው እስከ 108 ሜትር ነው። እኔ ከቆምኩበት የሚታየው ግን ጥቁር የገደል ግድግዳ ነበር፤ እዚህም እዚያም ቀጫጭን ውሃ ይወርድበታል። አጠገቤ የነበረ ትንሽ ልጅ አባቱን «ውሃው የታለ?» እያለ ይነዘንዘው ነበር። በዚያ ላይ የተሰጠን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሮጥን፤ የሚቀጥለው ድንበር ነበረብን። ከዚያ ጉዞ ዛሬም ድረስ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ የኢሚግሬሽኑ ሰልፍ ነው።

እንግዲህ ከሆቴል በፊት፣ ከትኬትም በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ውሃው መቼ ነው የሚሞላው?» የሚለው ነው። መልሱም ቢሆን «በብዛት ሲሞላ ሂዱ» ማለት አይደለም። ሚያዝያ ላይ ርጭቱ እንደ ጭጋግ ሁሉን ይሸፍነዋል። ትበሰብሳላችሁ፣ ጩኸቱን ትሰማላችሁ፣ ፏፏቴውን ግን ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ላታዩት ትችላላችሁ። ሰኔና ሐምሌ ላይ ውሃውም ብዙ ነው፣ ዓይንም ያያል። ጢስ ዓባይም ቢሆን ሳይጠይቁ የሚኬድበት ቦታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አብዛኛው ውሃ ለኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ በበጋ ፏፏቴው በጣም ይሳሳል። ከአዲስ አበባ ድረስ ተጉዘው አዝነው የተመለሱ ሰዎች አሉ።

ለሁለተኛ ጊዜ የሄድኩት ሰኔ ላይ ነው። ያረፍኩት ቪክቶሪያ ፎልስ ከተማ፣ በዚምባብዌ በኩል ነበር። ከከተማው እስከ ፏፏቴው በር በእግር ይደረሳል። ከርከሮዎች እንደ ሰፈር በግ መንገድ ዳር ሣር ሲግጡ ታያላችሁ። በሩ ሲከፈት ገባሁ። ብርዱ ጃኬት ያስለብሳል። ሰዉ ገና አልመጣም። ከሊቪንግስተን ሐውልት ጀምሮ ገደሉን ይዞ የሚሄደው መንገድ በርጭቱ የበቀለ ጫካ ውስጥ ያልፋል፤ ዙሪያው ደረቅ አገር ሆኖ እዚያ ግን ዓመቱን ሙሉ ዝናብ አለ። ቀስተ ደመናው ከፀሐይ ትይዩ ነው የሚወጣውና ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ ስትሆን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐውልቱ በኩል ተዘርግቶ አየሁት። ወጥቼ ምሳዬን በላሁ፣ ተኛሁ። ማታ ለማንም ምንም አልላክሁም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እንደገና ከፍዬ ገባሁ። ያው መንገድ፣ ያው ገደል ነው። ቀስተ ደመናው ግን ቦታ ለውጧል፤ አሁን በምሥራቅ፣ ወደ ዛምቢያ በሚያሻግረው ድልድይ በኩል ሆኗል። ትናንት ስልኬን ስዘረጋ ያላየሁትን አየሁ። ውሃው ጠርዙ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ይሰነጠቅና ነጭ ይሆናል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ውሃነቱ ያበቃና ዱቄት ይመስላል። ከታች ደግሞ ነፋሱ መልሶ ወደ ላይ ያነሳዋል። ዝናብ ከመሬት ወደ ሰማይ ሲዘንብ ያየሁት ያኔ ነው። ልመለስ ስል ከጫካው አንዲት ድኩላ ወጣች። ጆሮዋ ላይ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሏል። አየችኝ፣ ጆሮዋን አራገፈች፣ ቅጠሏን መብላት ቀጠለች። አስር ደቂቃ ያህል አብሬያት ቆምኩ። የሚጠብቀኝ መኪና አልነበረም።

ይህን የጻፍኩት ቦትስዋናን ለማጣጣል አይደለም። የቾቤ ፓርክ ዝሆኖች ዓለም የሚያውቃቸው ናቸው። ግን ከቪክቶሪያ ፎልስ እስከ ድንበሩ ካዙንጉላ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው። ከአንዱ አገር የመውጫ ማህተም፣ ወደ ሌላው የመግቢያ ማህተም፣ ማታ ደግሞ ያንኑ መድገም። ከሦስት ቀን አንዱ በዚህ ያልቃል። ዝሆን ነው የሚያጓጓኝ የሚል ካለ እዚያው ይደር፤ ፏፏቴውን ለሌላ ጊዜ ይተወው።

ስለ ጉዞ ሰነዶቹ ባጭሩ። ባልደረባዬ የአሜሪካ ፓስፖርት ስላላት ዚምባብዌንና ዛምቢያን አንድ ላይ የሚያስገባውን የካዛ ቪዛ በ50 ዶላር ማግኘት ትችላለች። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄድ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ኤምባሲ ይጠይቅ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዞ ድልድዩን ወደ ዛምቢያ የተሻገረ ሰው ሲመለስ ችግር ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1905 የተሠራውን ያን ድልድይ ለማየት ያህል ከሆነ የዚምባብዌ ኢሚግሬሽን የድልድይ መግቢያ ወረቀት ይሰጣል። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ግድ ነው። ክትባቱ ተቀባይነት የሚያገኘው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውት። አካባቢው ወባማ ስለሆነ ሐኪምም ያማክሩ። ለስልኩ አንድ ደህና ፌስታል ይያዙ።

ትናንት ማታ ባልደረባዬ የተስተካከለ ፕሮግራም ላከችልኝ። ቦትስዋና ወጥቷል። የበረራው ቀን ሙሉ ጨረቃ ለምትወጣበት ምሽት ቅርብ መሆኑን አይታ ሁለት ቀን ገፋ አድርጋዋለች፤ ውሃው በሚበዛበት ወቅት ሙሉ ጨረቃ በምትወጣባቸው ምሽቶች የፏፏቴው ፓርክ ለጎብኚ ስለሚከፈት በጨረቃ ብርሃን የሚወጣውን ቀስተ ደመና ማየት ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን መስመር ላይ «ፏፏቴ፣ ጠዋት» ብላ ጽፋለች። በሁለተኛው ቀን «ፏፏቴ፣ ማታ»። ሦስተኛውን ባዶ ትታዋለች።