ወገኖቼ፣ የሜጫውን ደም ረሳችሁት?

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። ሀገሩ ሁሉ «ለውጥ» ሲል ውሎ «ለውጥ» ሲል በሚያድርበት በዚያ ሰሞን፣ ምዕራብ ጎጃም፣ ሜጫ፣ አዲስ ዓለም በምትባል ቀበሌ ሁለት ተመራማሪዎች በመንጋ ተደብድበው ተገደሉ። እኔ አልረሳሁትም፤ ይቅርም አላልኩም። እናንተ ግን ረስታችሁታል። ስለዚህ ደግሜ እነግራችኋለሁ።

ሰዎቹ የሄዱት ከተማሪዎች የሰገራ ናሙና ሰብስበው በልጆች ሆድ ውስጥ ያለውን ጥገኛ ተውሳክ ሊያጠኑ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል። ሆዱ የተነፋ፣ ፊቱ የገረጣ፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ልጅ፤ አስተማሪው «ሰነፍ» የሚለው፣ እናቱ «ምን ነካብኝ?» የምትለው። እንዲህ ያለው ምርመራ እንዴት እንደሚደረግ አስቡት። ለልጁ ትንሽ ዕቃ ይሰጠዋል፤ ወደ ሽንት ቤት ሄዶ ይመለሳል። ባለሙያው ከናሙናው ቆንጥሮ ስስ መስታወት ላይ ይቀባና በማይክሮስኮፕ የትል እንቁላል ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ መርፌ አያስፈልግም። ደም አይቀዳም።

ወሬው ግን «ልጆቻችንን መርዝ ሊወጉ መጡ» የሚል ነበር። ማን አየ? ማን ነገረህ? ብሎ የጠየቀ ካለም ድምፁ አልተሰማም። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ልጁን የሚወድ አባት፣ ልጇን የምትወድ እናት፣ ለልጆቻቸው ጤና ብለው የመጡትን ሰዎች ከበቡ። አንድ ሰው ልጁን ጠርቶ «እስኪ ክንድህን አሳየኝ» ለማለት የሚፈጀውን ጊዜ ያህል እንኳ ፋታ አልሰጧቸውም። ሀገር አሥራ ምናምን ዓመት ያስተማረቻቸው ሁለት ሰዎች እዚያው ቀሩ። እነሱም እናት ነበራቸው።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግን የሚከተለው ነው። «ሶሻል ሚዲያ ነው ጉድ የሠራን» ብላችሁ ነገሩን ዘጋችሁት። በዚያ ዘመን ሜጫ ገጠር ውስጥ ስንቱ ገበሬ ስማርት ስልክ ነበረው? ሬዲዮ ግን አለ። ከብት ሲያግድ በትከሻው የሚያንጠለጥላት፣ ማታ ምድጃ ዳር የሚከፍታት በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ሬዲዮ አለች። ሜጫ ደግሞ ከባሕር ዳር ሩቅ አይደለም፤ የወረዳዋ ከተማ መራዊ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። «ነገ እንዲህ ያሉ ሰዎች ይመጣሉ፣ የሚወስዱት ይህን ነው፣ ለዚህ ነው፣ መርፌ አይዙም፣ ጥያቄ ያላችሁ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ንገሩ» የሚል የሦስት ደቂቃ ዝግጅት፣ በአካባቢው አነጋገር፣ ሕዝቡ በሚያምነው ድምፅ! እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው ሬዲዮ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካልሰማችሁስ፣ የቱን ጣቢያ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

አልጠየቃችሁም። የእንግሊዝ ኳስ ዝውውር አንድ ቀን ቢዘልሉባችሁ ስልኩን ታጨናንቁታላችሁ።

ሕዝቡ ከሬዲዮ ይልቅ ሹክሹክታን ለምን አመነ የሚለውንም አውቃለሁ። ሬዲዮ በሀገራችን የኖረው የገዢ አፍ ሆኖ ነው። በኅዳር 1967 ስልሳዎቹ ተረሽነው ሀገር መርዶውን የሰማው በሬዲዮ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣውም መንግሥት ሬዲዮውን አልለቀቀም። በ2002 የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ክፍል ስርጭት ሲታወክ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጣቢያውን ከሩዋንዳው ሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው ነበር። በ1986 ሰው እንዲታረድ የቀሰቀሰ ሬዲዮ፣ ትችት ለሚያሰማ ሬዲዮ መምቻ ዱላ ሆነ። እንዲህ ሲዋሹት የኖሩት ሕዝብ «በሬዲዮ ከተባለማ ሐሰት ነው» ቢል አልፈርድበትም። የበሬ ወለደ ወሬ የሚነግሠው እውነት የሚናገር ሬዲዮ በሌለበት ነው።

ግን 2010 መጣ። እስረኛ ተፈታ፣ የተዘጋው ድረ ገጽ ተከፈተ፣ «አሸባሪ» የተባሉት ኢሳትና ኦኤምኤን ሀገር ቤት ገቡ። በደስታ አለቀስን። ያን ጊዜ ምን አደረግን? እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጣቢያ ያዝን። ዜና ስንሰማ «እውነት ነው?» ከማለታችን በፊት «የማን ናት?» አልን። የእኛን ወገን ካወደሰ ጋዜጠኛ ነው፤ ከጠየቀ ባንዳ ነው። ሻሸመኔ ላይ በነሐሴ 2010 «ቦምብ ይዟል» በተባለ አሉባልታ ሰው ገድለው ሲሰቅሉም ሰምተናል። ሦስት ወር ሳይሞላ ሜጫ። ከሻሸመኔ ምን ተማርን? ምንም!

ጋና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ምርጫ ያደረገችውን ተመልከቱ። የግል ኤፍኤም ዘጋቢዎች ከየምርጫ ጣቢያው ውጤቱን በስልክ እያስተላለፉ ስላሰሙ ኮሮጆ መገልበጥ ለፈለገ ሁሉ ቦታው ጠበበው፤ ሥልጣንም በሰላም ወደ ተቃዋሚው ተላለፈ። እነዚያ ልጆች ተአምር አልሠሩም። ቦታው ድረስ ሄደው ያዩትን ተናገሩ።

የእኛዎቹ ቦታው ድረስ ለመሄድ ነዳጅም፣ አበልም፣ ከለላም የላቸውም። የ2013ቱ አዋጅ በመገናኛ ብዙኃን ስም ማጥፋት ወንጀል መሆኑን አስቀርቷል። ጥሩ። አዋጁ ቀለሙ ሳይደርቅ ግን ጋዜጠኞች በሌላ በሌላ ስም ወደ እስር ቤት ተመለሱ። እናንተስ? የእናንተ ሲታሰር «ፕሬስ ታፈነ» ብላችሁ ጮኻችሁ፤ የእነዚያ ሲታሰር «እሰይ! ደግ አደረጉት» አላችሁ። አንድ ጋዜጠኛ ከሌላ ብሔር ስለሆነ እስር ቤት ሲገባ ያጨበጨበ ሰው፣ ነገ መንደሩ ውስጥ ወሬ ሲነሣ እውነቱን የሚነግረው ሰው ከየት ሊያመጣ ነው?

ብዙ ተቆጣሁ፤ ደከመኝም። ተስፋ ግን ጨርሼ አልቆረጥኩም፤ ምክንያቱም ይህ ሕዝብ መስማት ያውቅበታል። በ1997 የምርጫው ክርክር በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ «ሹፌር፣ እስኪ ድምፁን ጨምርልን» የሚል ነበር። ኢሕአዴግን የሚደግፈውም ቅንጅትን የሚደግፈውም ጎን ለጎን ተቀምጦ ሁለቱንም ወገን ሰምቷል። ከምርጫው በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ደም ፈሰሰ። ይሁንና ያ ጆሮ ነበረን፤ ከሌላ ሀገር የመጣ አልነበረም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። በአካባቢያችሁ አንድ ወሬ ሲነሣ፣ ሰው «እንውጣ» ሲል፣ ከመውጣታችሁ በፊት ለአካባቢያችሁ ሬዲዮ ደውሉ። «ሰምታችኋል? ሰው ልካችሁ አይታችኋል?» በሏቸው። መጀመሪያ ላይ የሚያነሣው አይኖርም፤ ቢያነሣም «እናጣራለን» ብሎ ይዘጋዋል። ጎረቤታችሁም ይደውል። ስልኩ እንደ ኳሱ ጊዜ ሲጨናነቅበት፣ ምናልባት አንድ ቀን አለቃው ለአንድ ወጣት ዘጋቢ የአውቶቡስ መሳፈሪያ ሰጥቶ ወደ ወረዳው ይልከው ይሆናል።