የጉባኤ ሰዓትና የጉባኤ ቡና

ውጭ አገር ትልቅ የምሁራን ጉባኤ ስትሄድ መጀመሪያ የምታስተውለው ነገር ማንም እንደማይቀበልህ ነው። ከሳምንታት በፊት ረጅም መመሪያ በኢሜይል ይደርስሃል። ከአየር ማረፊያው የትኛውን ባቡር እንደምትይዝ፣ የት ፌርማታ እንደምትወርድ፣ የማደሪያህን ቁልፍ ከማን እንደምትረከብ ሁሉም ተጽፏል። በአንዳንድ የጀርመን ከተሞች የጉባኤው ባጅ ራሱ የባቡርና የአውቶቡስ ትኬት ሆኖ ያገለግላል። ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶልህ በር ላይ “እንኳን ደህና መጣህ፣ መንገድ እንዴት ነበር?” የሚልህ ግን የለም። ጠረጴዛው ጋ ሄደህ ስምህን ትናገራለህ፣ ባጅህንና ቦርሳህን ትቀበላለህ፣ በቃ።

አገር ቤት መመሪያው አይደርስህም፣ ሰው ግን ይደርስልሃል። ከቦሌ ስትወጣ ስምህ የተጻፈበት ወረቀት የያዘ ወጣት ቆሞ ይጠብቅሃል። አውሮፕላኑ ቢዘገይም እዚያው ነው። ሻንጣህን ይቀበልሃል፣ ምሳ በልተህ እንደሆነ ይጠይቅሃል፣ ሲም ካርድ እንድታወጣ ይረዳሃል። ፕሮግራሙን ስትጠይቀው “ነገ ጠዋት ይታደላል” ይልሃል።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ አገር ቤት የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ነው። ሰሞኑን የጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴ ውስጥ ገባና “እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚያደርጉት?” ብሎ ጠየቀኝ። በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ አልሆነም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አዘጋጅነት ለእኛ አዲስ ሥራ አይደለም። ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1959 ሮም ላይ ተጀመረ፣ በ1963 ማንቸስተር ሄደ፣ በ1966 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ ወደ አገር ቤት፣ ከአገር ቤት ወደ ውጭ ሲመላለስ ኖሯል። ኪዮቶ በ1997፣ ሃምቡርግ በ2003፣ ዋርሶ በ2015 አስተናግደውታል። እኛም በአዲስ አበባ ሳንወሰን በ2012 ድሬዳዋ፣ በ2018 መቀሌ ላይ አድርገነዋል። 21ኛው በ2022 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። ስለዚህ “ልምዱ የለንም” የሚለውን ምክንያት አልቀበለውም። ልምዱ አለን። የጎደለን ሰዓት ማክበርን ከመስተንግዶ መቁጠር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከመክፈቻው ነው። ፕሮግራሙ ከ2:30 እስከ 3:30 ይላል። የክብር እንግዳው እስኪመጡ አዳራሹ ይጠብቃል። 3:15 ላይ ይጀመራል። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ዲኑ፣ ፕሬዚዳንቱ፣ የከተማው ተወካይ፣ የስፖንሰሩ ተወካይ በየተራ ይናገራሉ። እያንዳንዱ ንግግር ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሁሉ በየማዕረጋቸው በመጥራት ይጀምራል። ቀጥሎ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ፎቶ መነሳት አለ። ሻይ የሚጠጣው 5 ሰዓት ላይ ነው። የባከነው ሰዓት ከሆነ ቦታ መቀነስ አለበት። ከዲኑ ንግግር አይቀነስም። የሚቀነሰው ከሰዓት በኋላ መጨረሻ ላይ ከተመደቡት ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚመደቡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶቹ ናቸው።

አገር ቤት በተካፈልኩበት አንድ ጉባኤ ያየሁት ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ከሩቅ ዩኒቨርሲቲ የመጣች ወጣት መምህርት የዕለቱ የመጨረሻ አቅራቢ ነበረች። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዛ ነው የደረሰችው። ጥናቷ ገበሬዎች እህል በጉድጓድ እንዴት እንደሚያስቀምጡ የሚመለከት ነበር። እየዞረች የለካቻቸው ጉድጓዶች፣ በገዛ እጇ የሣለቻቸው ንድፎች ነበሯት። የተሰጣት 20 ደቂቃ ነበር። ተራዋ ሲደርስ የመድረክ መሪው “ሰዓታችን ስላለቀ በ5 ደቂቃ ጠቅለል አድርጊልን” አሏት። ምንም አላለችም። ስላይዶቹን መዝለል ጀመረች። ንድፎቹ ስክሪኑ ላይ ብልጭ እያሉ አለፉ። የጉድጓዱ አፍ በምን እንደሚመረግ የሚያሳየው ላይ ትንሽ ቆም አለችና እሱንም ተወችው። አዳራሹ ውስጥ የቀረነው ጥቂት ሰዎች ነበርን። ፕሮጀክተሩን ሊነቅል የመጣው ቴክኒሻን ግድግዳውን ተደግፎ ይጠብቃል። ለጥያቄ ጊዜ አልተሰጠም። ያን ዕለት ጠዋት በመድረኩ ከተነገረው ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አላስታውስም። ያቺ ልጅ ልታሳየን የነበረውን ግን ዛሬም ባየው ደስ ይለኛል።

ውጭ የመድረክ መሪ ካርድ ይይዛል። 5 የሚል ካርድ ያነሳል፣ ቆይቶ 1 የሚል፣ ከዚያ ቀይ። ቀዩ ከወጣ ስመ ጥር ፕሮፌሰርም ቢሆን ይቋጫል። ማንም አይቀየምም፣ ምክንያቱም ካርዱ ለሁሉም እኩል ይነሳል። እኛ ጋ መሪው ቁራጭ ወረቀት ላይ “ሰዓት” ብሎ ጽፎ ያቀብላል፣ ተናጋሪው አየት አድርጎ አትሮንሱ ላይ ያስቀምጠውና ይቀጥላል። አንጋፋን ሰው በቃዎት ማለት ይከብዳል። ይሉኝታ ነው። ይሉኝታን የምንቅ ሰው አይደለሁም፣ ያደግኩበት ነው። ነገር ግን የአንጋፋው ትርፍ 15 ደቂቃ ከታናሹ ድርሻ ነው የሚቆረጠው። ሁለት ቀን ተጉዛ ለመጣች ልጅ ይሉኝታ የማይሰማው አዳራሽ እንግዳ ተቀባይ ነው ማለት ይቸግረኛል።

ለወዳጄ መጀመሪያ የነገርኩትም ይህንኑ ነው። የመክፈቻ ንግግር አድራጊዎችን ከሁለት አታስበልጡ። የክብር እንግዳው ከዘገዩ ጥናት አቅራቢዎቹ ይጀምሩ፣ እንግዳው ሲደርሱ በመሐል ይናገራሉ። ወጣቶቹን የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ላይ መድቧቸው፣ ሰው ሳይደክም፣ አዳራሹ ሙሉ ሆኖ። አንጋፋዎቹ መጨረሻ ላይ ቢናገሩም ሰው እነሱን ለመስማት መቆየቱ አይቀርም።

የሰዓት ነገር ከተነሳ፣ የአቆጣጠራችን ልዩነትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። 2:30 ተብሎ የታተመ ፕሮግራም ያየ የውጭ እንግዳ ምሳውን በልቶ ሊመጣ ይችላል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን አትሙ፣ ቀኑንም እንዲሁ። ደግሞ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ሽማግሌ ፕሮፌሰር የመጀመሪያው ቀን ደረጃ ሲወጣ ቢያለከልክ አይገርምም። ይህን አስቀድሞ የሚነግር አንድ ገጽ መመሪያ ማዘጋጀት ወጪ የለውም።

ምግብ ላይ እኛ እንሻላለን ብዬ አምናለሁ፣ አንድ ነገር ሲቀር። ውጭ ስትመዘገብ ፎርሙ የማትበላውን ይጠይቅሃል። ጾም የሚል ሳጥን ስለሌለ ጾመኛው “ቪጋን” የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። አገር ቤት ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ መኖር እንዳለበት ለማንም አይነገርም። ጾሙ ለብቻ፣ ፍስኩ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ሥጋ ለብቻ ይቀርባል፣ አስተናጋጁም የቱ የቱ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። የሚቀረን በሽታ ያለበትን መጠየቅ ነው። ለውዝ የማይስማማው፣ ስንዴ የሚያሳምመው ሰው አለ። ጤፍ ግሉተን፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ የለውም፤ እንጀራው ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ የተጋገረ ከሆነ ግን ግሉተን ይኖረዋል። ለዚህ እንግዳ “እንጀራ ነው፣ ችግር የለውም” ማለት አይበቃም፣ ከምን እንደተጋገረ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከስብሰባ ውጭ ስላለው ጊዜ ግን ውጭ አገር ያለነው ከአገር ቤት ብዙ መማር አለብን። እዚህ ትልቁ እራት ለብቻው ትኬት አለው፣ ትኬቱም ውድ ነው። ዶክትሬቱን የሚሠራ ተማሪ ብዙ ጊዜ አይገዛውም። ቀኑን ሙሉ አብሯቸው የዋለው ምሁራን እራት ላይ ሲሆኑ እሱ ማደሪያው ውስጥ ሳንድዊች ይበላል። ሥራ የሚገኘው፣ መጽሐፍ በጋራ ለመጻፍ የሚስማሙት፣ “ለእኔ ጻፍልኝ፣ አነበዋለሁ” የሚባባሉት ደግሞ እራቱ ላይ ነው። ይህን አዘጋጆቹ ያውቃሉ። እያወቁ ዋጋውን እንደዚያ ማድረጋቸው ያሳዝነኛል።

አገር ቤት እራት ለሁሉም ነው። ባጅ ያንጠለጠለ ሁሉ ይገባል፣ ሰርቪሱን የሚነዱት ሹፌሮችም ገብተው ይበላሉ። ሙዚቃው ሲጀመር እስክስታ የማይችለው እንግዳ ተጎትቶ ይነሳል። በማግስቱ ያ ሰው ከማንም ጋር ለማውራት አያፍርም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ቡናው ነው። አዳራሹ ደጃፍ ላይ ረከቦት ተዘርግቶ፣ ቡናው እዚያው ተቆልቶ፣ ዕጣኑ እየጨሰ ሲፈላ ሰው በግድ ይቆያል። ስኒ ተራ መጠበቅ አለበት። ውጭ ቡናው በትልቅ ቴርሞስ ይቀርባል፣ ቀድተህ ወደ ስልክህ ትመለሳለህ። እኛ ጋ ግን ሁለተኛውን እየጠበቅህ አጠገብህ ያለውን ሰው ማነጋገርህ አይቀርም። አንዴ እንዲህ ስንጠብቅ አንድ ተማሪ አንድን የታወቁ የታሪክ ምሁር በመጽሐፋቸው ላይ የቀን ስሕተት እንዳለ በትሕትና ሲነግራቸው ሰምቻለሁ። እሳቸውም ብዕር አውጥተው መዘገቡ። መድረክ ላይ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ ላይ ለቡና 15 ደቂቃ ጽፎ በተግባር 40 ከመውሰድ ከመነሻው 40 ብሎ መጻፍ ይሻላል። የተቆጠረ ሰዓት የማንንም ድርሻ አይበላም።

ጉብኝትም ሩቅ መሄድ የለበትም። ስድስት ኪሎ የሚደረግ ጉባኤ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የሚገኘው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ሙዚየሙና የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት እዚያው ናቸው። አውቶቡስ መከራየት አያስፈልግም።

የመጨረሻው ጉዳይ ግን በእኛ በውጭ ባለነው ላይ ነው። እዚህ ጉባኤ ላይ የመድረክ መሪው “ከአዲስ አበባ ይመጡ የነበሩት አቅራቢ መገኘት አልቻሉም” ይልና ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቪዛ ነው። ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሆኗል፣ ቢከለከሉም ገንዘቡ አይመለስም። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህ ገንዘብ ለአንድ መምህር ከባድ ነው። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ሊገባ ይችላል፣ ምላሹ በተለመደው አሠራር 15 ቀን፣ ሲራዘም እስከ 45 ቀን ይወስዳል። አዘጋጆቹ ግን የማን ጥናት እንደተመረጠ የሚያሳውቁት ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ቀጠሮ እስኪገኝ ቀኑ ያልፋል።

በየዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ውስጥ ያለን ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደለንም። ቪዛ የሚያስፈልጋቸውን አቅራቢዎች ውጤት ለብቻ ቀድሞ መላክ ይቻላል። የግብዣ ደብዳቤው በተጠየቀ ማግስት እንዲወጣ አንድ ሰው መመደብ ይቻላል። የምዝገባ ክፍያውን ቪዛው ከተገኘ በኋላ መቀበልም ይቻላል። እነዚህን ነገሮች በመጀመሪያው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ ካላነሳናቸው በኋላ የሚያነሳቸው አይኖርም፣ ምክንያቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ቪዛ ጠይቆ የሚያውቅ ከእኛ በቀር ላይኖር ይችላል።