ወድቀህ አሳየን እንጂ!

ሰው ስለ መስሪያ ቤቱ ሲያማርር ስሰማ ይገርመኛል። እኔ የምሠራው ሰንጋ ተራ፣ ከነዛ የባንክ ፎቆች ጥላ ስር ነው፣ ስሙን አልናገርም ምቀኛ ብዙ ነው፣ ግን በዚህ ከተማ ለታመመ ሰው እንደኛ ቢሮ የሚንሰፈሰፍ ካለ ይቅረብ። ባለፈው የፋይናንሱ ልጅ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ሲተኛ በነጋታው ቢሮው ጭር አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? ሰርቪስ ተመደበ፣ ጁስ በካርቶን ተጫነ፣ ብርቱካኑ በኪሎ፣ ማናጀራችን ራሳቸው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው "ልጄ ሥራ ይደርሳል፣ ጤና ይቅደም" ሲሉ ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ተለቀቀ፣ እኛም ከስሩ የሚጸልዩ እጆች ደረደርን። ለቅሶማ ከሆነ አታንሱት! ድንኳን ውስጥ ከቤተ ዘመድ ቀድመን ቦታ የምንይዝ ሰዎች ነን።

ታዲያ ምን ጎደለህ በሉኛ። መውደቅ ነው የጎደለኝ። የኔ ስኳር ነው፣ ዓይነት አንድ የሚሉት፣ ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በቀን አራቴ ራሴን እወጋለሁ፣ ከዛ ውጪ እንደማንም ሰው እስቃለሁ ሜክሲኮ ታክሲ እጋፋለሁ፣ ፊቴ ላይ ምንም አይነበብም። ጥፋቴ ይሄው ነው። ጨዋ በሽታ አንዴ ይጥልሃል፣ ትጠየቃለህ፣ ከዛ ወይ ትነሳለህ ወይ ሌላ ሰርቪስ ይመደብልሃል። ዕድሜ ልክ ከሰው ጋር ቆሞ የሚሄድ በሽታ ግን ለጠያቂ እንዴት ይመቸዋል፣ ስንት ካርቶን ጁስ ይገዛለታል?

ምክር ግን አልነፈጉኝም፣ እግዜር ይስጣቸው። ሽፈራው ያመጣልኝ አለ፣ አብሽ በባዶ ሆድ ያለኝ አለ፣ ጦስኝ ጠጥቶ መርፌውን የጣለ አጎት ያለው ደግሞ ሁለት ሰው ነው (አጎቱ አንድ ይሁን ሁለት አልተጣራም)። የፕሮኪውርመንቱ ሰውዬ "ስኳር እኮ የሀብታም በሽታ ነው" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ማናጀሩ ይሄን ሰምተው ይሁን አላውቅም፣ የዛን ዓመት ጭማሪ ላይ ስሜ አልነበረም።

የፍሪጁን ደግነት ደግሞ ስሙልኝ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ኪችን ባለው ፍሪጅ አንድ ጥግ ብትሰጡኝ ብዬ ለመንኩ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተፈቀደ፣ በደብዳቤ፣ ማኅተም ያለው። አንድ ሰኞ ስመጣ ጥጉ ባዶ። ለካ አንዱ አሳቢ ቅዳሜ ፍሪዘር ውስጥ ከተት አድርጎታል፣ ከሆነ ሰው የበግ ሥጋ ጎን ድንጋይ ሆኖ አገኘሁት። "እንዳይበላሽብህ ብዬ ነው" አለኝ። በረዶ የመታው ኢንሱሊን ደግሞ ይደፋል እንጂ አይወጋም። ምን ልበለው፣ አመሰገንኩት።

በየሦስት ወሩ ቀጠሮ አለኝ፣ "የሦስት ወር ስኳር" የሚባለውን እለካለሁ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወረፋ ብይዝ እንኳ ቢሮ የምደርሰው አራት ሰዓት ተኩል ነው፣ የአሻራ ማሽኑ ደግሞ ሐኪም ቤት ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔም የዋህ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ አትሜ ይዤ ኤችአር ገባሁ። የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር፣ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ፣ የሐኪም ማስረጃ ይቅረብ ይላል፣ ማስረጃዬ ይኸው አልኩ። የኤችአሯ እመቤት በትዕግስት ሰማችኝና፣ እንዲህ አይነት የሕግ ትንታኔ ልደታ ፍርድ ቤትም የሚገኝ አይመስለኝም፣ "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ለታመመ ሰው ነው፣ አንተ ስኳር ነው ያለብህ" አለችኝ። ስድስት ወር ተኛ ስትባል ሕግ አለ፣ በሦስት ወር አንዴ ሁለት ሰዓት ተኩል ስትል ግን ቀልደኛ ነህ! "ለምን አንደኛህን ተኝተህ አትገላገልም" ያለችኝ ግን ከልቧ አዝና ነው።

አዲስ የገቡት ልጆች ይሄን ሁሉ ቶሎ ነው የሚነቁት። የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፣ የሕመም ፈቃድ የሚባለውም እሱን ለጨረሰ ነው፣ እና አስም ያለባት አንዲት ልጅ ሁለት ወር ከምናምን ሙሉ ሽንት ቤት እየገባች ነበር ኢንሄለሯን የምትስበው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች፣ እኛ ጋ በሽታውን የደበቀ ቋሚ ይሆናል።

አሁን ወደ ስብሰባው። ስኳሬ ከ70 ሲወርድ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበኛል፣ የማወራው ይጠፋኛል፣ መድኃኒቱ ቶሎ ጣፋጭ መቅመስ ነው፣ 15 ግራም ስኳር፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፣ በቃ። ኪሴ ከረሜላ አይጠፋም። አንዱን ላጥ አድርጌ አፌ ልከት ስል ማናጀሩ ንግግራቸውን አቋርጠው፣ "አንተ፣ ስኳር አለብኝ ትላለህ፣ ከረሜላ ትበላለህ?" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው ገና ረፋድ፣ ከጎኔ ያለችው "ጾምም አትይዝም እንዴ" አለች በሹክሹክታ። አፈርኩ። ከረሜላዋን መልሼ ጠቀለልኳት። ለመውጣት ፈቃድ እጄን አነሳሁ፣ "ጥያቄ በመጨረሻ ነው" ተባልኩ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ስብሰባ አላስታውሰውም።

ስነቃ ያየሁት ሻይ የምታፈላልንን እትዬን ነው። ሌላው ሰው ፊቴ ላይ ውሃ ሲረጭ፣ ክብሪት ሲያሸተኝ፣ አንዱ ጸበል ፍለጋ ሲሮጥ፣ እሷ ናት "መጠጣት አይችልም አታንቁት፣ መኪና አምጡ" ብላ የጮኸች፣ ባሏ ስኳር ነበረበት። ድንገተኛ ክፍል ግሉኮስ በደም ሥሬ ሰጡኝ፣ ሦስት ቀን ተኛሁ።

ወይ ክብር! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስመኘው የነበረው ሁሉ መጣልኝ። ሰርቪሱ መጣ፣ ማናጀሩ አልጋዬ ጫፍ ላይ "ልጄ ሥራ ይደርሳል" አሉኝ፣ ፎቶ ተነሳን፣ የሚጸልዩ እጆች ተደረደሩ፣ ኤችአሯ እንባዋን እየጠረገች "እንዲህ መሆንህን ብትነግረን ምን ነበረበት" አለች። የማንጎ ጁስ ሁለት ካርቶን፣ ላዩ ላይ "ምሕረቱን ይላክልህ" የተጻፈበት ክሬም ኬክ። ነርሷ ኬኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ለአስታማሚዎች አከፋፈለችው።

የወሩ መጨረሻ ፔይሮል ወጣ። የተኛሁበት ሦስት ቀን ሙሉ ተከፍሏል፣ ሐቁን እናገራለሁ። ለቀጠሮ የሄድኩበት ሁለት ሰዓት ተኩል ተቆርጧል። ከስሩ ሌላ መስመር አለ፣ ከሁሉም ስታፍ እኩል የተቆረጠ፣ 150 ብር፣ "የታመመ ባልደረባ መጠየቂያ መዋጮ"። ኤችአር ገብቼ የታመመው እኮ እኔ ነኝ አልኳት። ሊስቱን አገላብጣ አየችና፣ "አዎ፣ ግን አንተም ስታፍ ነህ" አለችኝ።