ኧረ ደራሲዎች፣ ስብከቱን ቀንሱልን!

ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ልቦለድ የሚገልጥ ሰው ትዕግሥቱ አጭር ነው። የዘንድሮ ልቦለድ ግን ገና ምዕራፍ አንድ ላይ፣ ገጸ ባሕሪው ቡናውን እንኳ ሳይጨርስ፣ ስለ ሕይወት ትርጉም ሦስት ገጽ ይደሰኩራል። ምን አጣደፈው?

ሐሳብ አይኑር አልተባለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሳ ሲናገር አያባራም፤ ግን የሚናገረው ከሚቃወማቸው መኳንንት ፊት፣ እብድ እየተባለ ነው። ንግግሩ ራሱ ጠብ ነው፤ ታሪኩንም ይገፋል። የበዓሉ ግርማ ልቦለድ «ኦሮማይ»ም ፖለቲካ ጢም ብሎበታል፤ ሆኖም አስመራ ላይ ከፊያሜታ ፍቅር ጋር ስለተጠላለፈ ሳይጨርሱት ከእጅ አይወርድም።

የአሁኑስ? ሁሉም በደራሲው አፍ ያወራል። ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትደረድረዋ እናት ሳትቀር ፈላስፋ ትጠቅሳለች! መፈተኛው ቀላል ነው፦ «አለ»፣ «አለች» የሚሉትን በጣት ሸፍኖ ንግግሩን ብቻ ማንበብ። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ካልለየ፣ ደራሲው ሰው አልፈጠረም።

አጨራረሱ ደግሞ ይብሳል። 250 ገጽ ተጎትቶ ጀግናዋ በመኪና ትገጫለች። ቋጠሮው አልፈታ ሲል መኪና! ቢያንስ ፍሬን የማይዘውን ገልባጭ ምዕራፍ ሦስት ላይ አሳዩን እንጂ።