ደንቡ የሚተማመነው በገመዱ ነው

አዳማ ውስጥ ቤት ሲቃጠል «ኮንታክት ነው» ይባልና ጣት ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ይቀሰራል። ዝርጋታው ደንቡን ጠብቆ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን ደንቡ ራሱ በሌላ ስታንዳርድ ላይ መቆሙ ይዘነጋል።

የዝርጋታ ደንብ ለሶኬት 2.5 ካሬ (የሽቦው ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር) ሲል ገመዱን አምኖ ነው። አይኢሲ 60228 በተባለው ዓለም አቀፍ የሽቦ ስታንዳርድ መሠረት የመዳብ ገመድ 2.5 የሚባለው ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚገታው መጠን) በ20 ዲግሪ ሙቀት በኪሎ ሜትር ከ7.41 ኦም ሳይበልጥ ነው፤ ባለ 100 ሜትሩ ጥቅል ከ0.74 ኦም ማለፍ የለበትም። ገመዱ ስንት አምፔር እንደሚሸከም የሚያሳየው የደንቡ ሠንጠረዥ ይህን ታሳቢ ያደርጋል።

የእንጀራ ምጣድን እንውሰድ። 3,750 ዋት ከሆነ በ220 ቮልት 17 አምፔር ይስባል። ትክክለኛ 2.5 ካሬ በግድግዳ ላይ ባለ ፓይፕ ውስጥ 24 አምፔር ይሸከማል፤ ያውም ዙሪያው 30 ዲግሪ ሲሆን። በቆርቆሮና በኮርኒስ መካከል ሙቀቱ 50 ዲግሪ ከደረሰ 24ቱ በ0.71 ይባዛል፦ 17 አምፔር። ምንም ትርፍ የለም! ገመዱ መዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ ሬዚስታንሱ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። የመስመሩ ባለ 20 አምፔር ብሬከር ግን አይወርድም፤ የሚያየው አምፔሩን እንጂ የገመዱን ትኩሳት አይደለም። ለ70 ዲግሪ የተሠራው ፕላስቲክ እየደረቀ ይሰነጠቃል። «ኮንታክት» የምንለው ያኔ ይመጣል።

ስለዚህ ለምጣድ 4 ካሬ ይሳብ። ሶኬትም ላይ አይሰካ፤ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ለ17 አልተሠራም። ሁለቱንም መስመር በሚያቋርጥ ባለ 32 አምፔር ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ይገናኝ።

ገመድ ሲገዛ ጫፉ በቢላ ይፋቅ፤ ውስጡ ከነጣ አልሙኒየም ነው። ነጠላ ሽቦ የሆነ 2.5 በካሊፐር 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለካል፤ 1.4 ካሳየ የያዛችሁት 1.5 ካሬ ነው። የጥቅሉ መዳብ ብቻውን 2 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ቀለል ያለ ጥቅልም ያጠራጥራል። በመልቲሜትር የሚለካ ሰው መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አነካክቶ የሚያሳየውን ቁጥር ይቀንስ፤ አለበለዚያ ደህናውን ገመድ ይጥላል።

የሥራ ዝርዝር ላይ «ጥራት ያለው 2.5 ካሬ ገመድ» ብሎ መጻፍ ማንንም አያስጠይቅም። «መዳብ፣ አይኢሲ 60227 (የፕላስቲክ ልባስ ገመድ ስታንዳርድ)፣ በ100 ሜትር ከ0.74 ኦም ያልበለጠ» ከተባለ ግን ተቆጣጣሪው ገመዱ ኮርኒስ ውስጥ ሳይገባ ለክቶ መመለስ ይችላል።