የስለላ ትምህርት ከሠንጠረዡ ይጀመር

የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ እ.ኤ.አ. በ1985 ባለሙያዎቹን ለአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በመምህርነት ማዋስ ጀመረ፤ ከሥራው የወጡ ተንታኞችም በየካምፓሱ ያስተምራሉ። ተማሪው የሚመዘገበው ጀብዱ ለመስማት ነው። የቀድሞ ተንታኝ ግን ስለ ሥራው የሚጽፈውን አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ ማስመርመር ስላለበት፣ ጀብዱ ቢኖረውም አብዛኛው አይወራም። ባይወራም አይጎዳም። ክፍል ውስጥ የሚጠቅመው የሲአይኤው ሪቻርድስ ሄውየር ያዘጋጁት የመላምቶች ማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ነው።

ለመለማመጃ፣ ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1962 በኩባ ደሴት የኑክሌር ሚሳይል በድብቅ የተከለችበትን ጉዳይ የሚያህል የለም። ተማሪው ራሱን ሚሳይሎቹ ገና ባልተገኙበት ጊዜ ላይ ያስቀምጣል። መላምቶቹ ከላይ በአግድም ይደረደራሉ፦ ሶቪየት ኅብረት ደሴቲቱን ለመከላከል ብቻ ታስታጥቃለች፤ የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ሰፈር ልትሠራ ነው፤ አሜሪካን የሚመታ የኑክሌር ሚሳይል ልትተክል ነው። ማስረጃው በጎን ወደ ታች ይጻፍና እያንዳንዱ ከሦስቱም ጋር ይመዘናል። ተማሪው የሚስተው እዚህ ነው፤ የወደደውን መላምት ይዞ ደጋፊ ብቻ ይለቅማል። ኦገስት 29 ዩ-2 የተባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ፎቶ ያነሳቸው ፀረ አውሮፕላን ሚሳይሎች ለሦስቱም ይስማማሉ፤ ስለዚህ ብቻቸውን አንዱን መላምት ከሌላው አይለዩም። የሲአይኤው ዳይሬክተር ጆን ማኮን ግን “ምን ሊጠብቁ ተተከሉ?” ብለው ጠረጠሩ።

ከኩባ የወጡ ስደተኞች አየን ያሉት ወሬ ደግሞ በአንድ መስመር መታጨቅ የለበትም። ፀረ አውሮፕላኑ 11 ሜትር፣ ኤር-12 የተባለው የኑክሌር ሚሳይል 22 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በጭነት መኪና ላይ የታየው ነገር በርዝመቱ ይከፈላል። “ሞስኮ ከግዛቷ ውጭ እንዲህ ያለ ሚሳይል ተክላ አታውቅም” የሚለው ግን ከማስረጃው ወጥቶ ለብቻው ይጻፍ፤ ግምት ነውና። በሼርማን ኬንት ይመራ የነበረው የሲአይኤ የግምገማ ቢሮ ሴፕቴምበር 19 ባወጣው ግምገማ ሚሳይል መትከሉ የማይመስል ነው ሲል የተደገፈው በዚሁ ነበር።

መልሱን ሁሉም ስለሚያውቀው ማርክ በመልሱ አይሰጥ። የአገሮቹን ስም መቀየር ይረዳል፤ ጎበዝ ተማሪን ግን ብዙ አያታልልም። የሚሻለው፣ የትኛው ማስረጃ ሐሰት ቢሆን ድምዳሜው እንደሚገለበጥ ማስጻፍ ነው። ቀጥሎ ምን፣ የት መታየት እንዳለበትም ይጻፍ። በኩባ ጉዳይ ከሴፕቴምበር 5 በኋላ በደሴቲቱ ምዕራብ ላይ ዩ-2 አልበረረም፤ ኦክቶበር 14 ሲበር ሚሳይሎቹ የተገኙት እዚያው ነው።